ሳንቲም ሲሳሳት

አንዲት አምስት ሳንቲም ዛሬ ምን ትገዛለች? በጋምቤላ፣ መቲ ገበያ ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ሳቅ ነው። ሻይ አትገዛም፤ ከረሜላም አትገዛም፤ ለለማኝ ቢሰጧት እንኳ ቅር ታሰኛለች። የማጃንግ ዞን ገበሬ ቡናውንና ማሩን ሸጦ የሚቀበለው የወረቀት ብር ነው፤ አለዚያም ስልኩ ላይ የሚገባለት ቁጥር ነው። ስሙኒና ሽልንግ በየቤቱ ቆርቆሮ ውስጥ ተረስተው ተቀምጠዋል። ያችው አምስት ሳንቲም ግን በተሠራችበት ፋብሪካ ሳለች ከማተሚያው ሥር ወደ ጎን ሸርተት ብላ ቢሆን፣ ጠመንጃ የያዘው ወታደር ግማሽ አካሉ ብቻ ታትሞ የቀረው ሜዳ ባዶ ቢሆን፣ ነገሩ ይለወጣል። ስለ እርሷ ከአገር አገር የሚጻጻፍ፣ በአጉሊ መነጽር የሚመረምራት፣ ከተጻፈባት ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚከፍልባት ሰው ይገኛል። ጤነኛዋ የማትገዛውን የጎደለችው ታስገኛለች። ጉድለት እንዴት ዋጋ ይሆናል?

ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም በዚህ አልከራከርም፤ ሳንቲም መሰብሰብ እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን ጥያቄውን የያዘ ሰው ሁለት ትልልቅ ጉዳዮች ላይ መውደቁ አይቀርም። አንዱ ስህተት ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ገንዘብ የሚታመነው በምን ምክንያት ነው የሚለው። ሁለቱም ጉዳዮች ከቡና ሻጩም ከባንክ ሠራተኛውም ኑሮ የራቁ አይደሉም።

አስቀድሞ ሥራውን እንይ። ሳንቲም የሚሠራው ከብረት ሉህ ነው። መቁረጫው ሉሁን ክብ ክብ አድርጎ ይበሳዋል፤ ክቦቹ ጠርዛቸው ትንሽ ከፍ እንዲል ይዳመጣሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ቀለበት እየገቡ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ማተሚያዎች መካከል ይጨፈለቃሉ። የዘመኑ ማሽን ይህን በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ያደርገዋል። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ስህተት አለው። ሉሁ በወቅቱ ወደፊት ካልተገፋ መቁረጫው ቀድሞ በተበሳው ቀዳዳ ላይ ይደርብና ሳንቲሟ ተነክሳ ያደረች ቂጣ መስላ ትወጣለች። ቀለበቱ ካልያዛት ትንጠፈጠፋለች። ቀድማ የታተመችው ሳንቲም ማተሚያው ላይ ተጣብቃ ከቀረች፣ ቀጥላ የምትመጣዋ በአንድ ጎኗ የጓደኛዋን ምስል ወደ ውስጥ የገባና የተገለበጠ አድርጋ ትቀበላለች። ለአንድ ዓይነት ሳንቲም የተዘጋጀ ብረት ወደ ሌላው ማሽን ሊገባም ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ የማይገናኙ ሁለት ማተሚያዎች ተጣምረው ይገኛሉ። ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት የሆነ ሳንቲም ቢወጣ የልጆቹ «ጎፈር ወይስ ዘውድ» ከነጭራሹ ይቀራል።

በዓለም ላይ ስማቸው የገነነው እንዲህ ያሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ መዳቡን ለጦርነት ስለፈለገችው አንድ ሳንቲሟን በዚንክ ከተለበጠ ብረት ትሠራ ነበር። ካለፈው ዓመት የተረፉ ጥቂት የመዳብ ክቦች ግን ሳይታዩ ከአዲሶቹ ጋር ታተሙ። ከእነዚያ አንዷ እ.ኤ.አ. በ2010 በ1.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ፊላዴልፊያ ያለው ማተሚያ ቤት ዓመተ ምሕረቱና ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚታይበት አንድ ሳንቲም አወጣ። ስህተቱ የታወቀው እዚያው ቤት ውስጥ ሳለ ነው። ሆኖም የተበላሹት ከብዙ ጤነኛ ሳንቲሞች ጋር ተደባልቀው ስለነበር፣ ሁሉንም አቅልጦ እንደገና ከመሥራት ከ20,000 የሚበልጡትን እያወቁ መልቀቅ ቀለለ። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2008 ሃያ ፔንሷን ስታሻሽል ዓመቱን ከጀርባ ወደ ፊት አዛወረችው፤ ከዚያ የአሮጌው ፊት ማተሚያ ከአዲሱ ጀርባ ጋር ተጣመረና ዓመት የሌለው ሳንቲም ገበያ ገባ።

ለጥያቄያችን የሚቀርበው የመጀመሪያ መልስ ግልጽ ይመስላል፤ «ብርቅ ስለሆነ ነው» ይባላል። ይህ መልስ ትንሽ ሲገፋ ይወድቃል። እኔ አሁን አንዲት ስሙኒ ወስጄ በድንጋይ ብቀጠቅጣት በዓለም ላይ እርሷን የምትመስል ሌላ አትገኝም፤ ብርቅነቷ ፍጹም ነው፤ ዋጋዋ ግን ባዶ ነው። ሰብሳቢው ያያታል፣ ይስቃል፣ ይመልሳታል። እንግዲያው ብርቅ መሆን ብቻውን ምንም አያደርግም።

ብርቅነት ዋጋ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ለማየት ከጋምቤላ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አኝዋኮች ለጥሎሽ የሚሰጡት ዲሙይ የሚባል ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ አላቸው። ዶቃው ከጥንት ወዲህ እየተጨመረ የሚሠራ አይደለም፤ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው በጋብቻ እየተላለፈ የሚዞር የቆየ ሀብት ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናቱ ስለዚህ ዶቃ ጽፏል። ዛሬ ከገበያ ሰማያዊ ዶቃ በኪሎ መግዛት ይቻላል፤ ዲሙይ ግን አይሆንም። የዲሙይ ዋጋ በቀለሙ ወይም በብርጭቆው አይመዘንም። በማን እጅ እንዳለፈ፣ የማን እናት ተድራበት እንደነበር የሚያውቅ ማኅበረሰብ መኖሩ ነው ዋጋ የሰጠው። ማነሱ ያግዘዋል፤ ዋጋውን የሚሠራው ግን ታሪኩ ነው።

የተቀጠቀጠችው ስሙኒና በማተሚያ የሳተችው ስሙኒ የሚለያዩትም በዚሁ ነው። ሁለቱ በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ልዩነታቸው አሁን በሚታየው ቅርጻቸው አይታወቅም፤ ቅርጹ የመጣበት ሰዓት ይለያቸዋል። አንደኛዋ ላይ የደረሰው ነገር ሳንቲም እየሆነች ሳለች የደረሰ ነው፤ ሁለተኛዋ ሳንቲም ሆና ካለቀች በኋላ ጉዳት አገኛት። የመጀመሪያዋ ጉድለት የአሠራሯ አካል ነው፤ የኋለኛዋ ግን አደጋ ነው። ሰብሳቢው የሚገዛው ብረቱን አይደለም ማለት ነው። የሚገዛው ማንም ያላሰበውን፣ ማሽኑ ባንዲት ቅጽበት ያደረገውን ነገር የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው መልስ ያደርሰናል፤ ስህተት ማለት ከታሰበው መራቅ ነው። አርስቶትል «ፊዚክስ» በተባለው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ ይህን ነገር ነክቶታል፤ ጸሐፊ አሳስቶ ይጽፋል፣ ሐኪም አሳስቶ መድኃኒት ይሰጣል፣ ስህተት የሚኖረው ግብ ባለበት ነው ይላል። ግብ የሌለው ነገር ሊስት አይችልም። ከጎደሬ ጫካ የወደቀ ቅጠል ጎባጣ ቢሆን «ተሳሳተ» አንለውም፤ ማንም እንዲህ ሁን አላለውምና። ሳንቲም ግን እንዲህ ሁን ተብሎ የታዘዘ ነገር ነው፤ ማተሚያው ትእዛዙን ይዟል። ሳንቲሙ ከማተሚያው ትእዛዝ ሲርቅ እንግዲህ ተሳሳተ እንላለን። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል።

አላለቀም። የሚያፈርሰውም የራሳችን ስሙኒ ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በገንዘብ አዋጅ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ሲውል ዝርዝሮቹም አብረው ወጡ፤ አንድ፣ አምስት፣ አሥርና ሃያ አምስት ሳንቲም ከመዳብ፣ ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ ከብር። የተሠሩት አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ነው። ስሙኒው ክብና የጠራ ነበር፤ የንጉሡ ምስልና አንበሳው እንደታዘዙት ታትመዋል፤ ማተሚያው የጎደለው ነገር የለም። ችግሩ የስሙኒው ስፋት ከሽልንጉ ስፋት ጋር መቀራረቡ ነበር። ብልጣ ብልጦች መዳቡን ስሙኒ ብር እየቀቡ ሽልንግ ነው ብለው ማሳለፍ ጀመሩ። አንድ ቅብ፣ እጥፍ ትርፍ። የመንግሥት መልስ በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. ግድም መጣ፤ ስሙኒው ክብነቱን ተነጥቆ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ተደርጎ ተቆረጠ። በጨለማ ኪስ ውስጥ እንኳ ጣት ሲነካው ሽልንግ አለመሆኑን እንዲያውቅ ነው። ከተቆረጡት መካከል ጠርዛቸው ሸካራ፣ አንዱ ሞገድ ሰፊ ሌላው ጠባብ የሆኑ አሉ፤ ጠርዛቸው የጠራም አሉ። ሰብሳቢዎች ሁለቱን ይለያያሉ።

ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው ክቡንና ሸካራውን ስሙኒ ጎን ለጎን ቢያይ የትኛው ስህተት ነው ይላል? ያለ ጥርጥር ሸካራውን ያመለክታል። የተቆራረጠ፣ አይጥ የበላው የሚመስል ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሸካራው እርማቱ ነው፣ የተሳሳተው ክቡ ነበር። ክቡ ማተሚያው ያለውን በሙሉ ፈጽሟል፤ ሆኖም ገንዘብ ሆኖ መቆም አልቻለም። ይህን ነገር ደጋግሜ ሳስበው እዚህ ላይ የአርስቶትል መልስ ለሁለት መከፈል እንዳለበት ይታየኛል። ሳንቲም አንድ ጌታ ብቻ የለውም። አንዱ ጌታው ማተሚያው ነው፤ እንዲህ ሁን ይለዋል። ሌላው ገበያው ነው፤ እንዳምንህ ሁን ይለዋል። ለመጀመሪያው ታዝዞ ሁለተኛውን መበደል ይቻላል። ሰብሳቢዎች በካታሎጋቸው «ስህተት» ብለው የሚመዘግቡት የመጀመሪያውን በደል ብቻ ነው። አገር የሚጎዳው ግን ሁለተኛው ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ወጣ ይላል። በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ የተጻፈው ዓመት 1936 ነው። አዋጁ የወጣው በ1937 ነው። ሳንቲሞቹ ደግሞ በአሜሪካና በእንግሊዝ ማተሚያ ቤቶች ከዚያ በኋላ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሲታተሙ ዓመቱ አልተቀየረም፤ ሁሌም 1936። እንግዲህ በአያቶቻችን እጅ የዞረው አብዛኛው ሳንቲም ስለ ራሱ ልደት እውነት ያልሆነ ነገር ይናገር ነበር፤ በጠራ ፊደል፣ ያለ አንዳች የማተሚያ ጉድለት። ይህን ማንም ስህተት አይለውም፤ ቅር የተሰኘም የለም፤ ገበያው ዓመቱን አይጠይቅምና። ዓመቱ ሁለት ጊዜ ተደርቦ የታተመ ሳንቲም በጨረታ ሲፈለግ፣ ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት የሆነው ግን ከነቤተሰቡ ምንም አልተባለም።

የዚህ ዓይነቱ ሐሰት ታላቅ እህት ደግሞ ማርትሬዛ የምንላት ጠገራ ብር ናት። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሚላን፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምባይና በሌሎችም ከተሞች የታተሙት ጠገራዎች ሁሉ 1780 ይላሉ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን መብት ከቪየና ወሰደች፤ እንግሊዝ ደግሞ በማግስቱ ዓመት በለንደን ማተም ጀመረች። ለሁለት ተፎካካሪ መንግሥታት አንዲት ሟች ንግሥት 1780 ተብላ ታተመች ማለት ነው። ክብደቷ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከሺው 833ቱ እጅ ንጹሕ ብር ነው። ይህ እስካልተነካ ድረስ የት ተሠራች፣ መቼ ተሠራች ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ማርትሬዛ ጋምቤላን በደንብ ታውቃለች። ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር፤ የጎሬና የቡሬ ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጨውና አቡጀዲ ሽቅብ ይወጣል። የእንግሊዞች የጣቢያው ይዞታ ያበቃው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ነው። ለዚህ ሁሉ ንግድ መገበያያዋ ጠገራ ነበረች። የዚያን ዘመን ነጋዴ ጠገራ ሲቀበል አቀባበሉ ምን ይመስል እንደነበር ተጽፎ ቀርቷል፤ ይገለብጣታል፣ የትከሻ ጌጧን እንቁዎች ያያል፣ የጸጉር ጌጧን ያያል፣ ከታች ያሉትን ሁለት ፊደላት ያያል፤ አንዱ እንቁ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ አልቀበልም ይላል። ብሩ ያው ብር ነው፣ ሚዛኑም ያው ሚዛን ነው ቢሉት አይሰማም። ምኒልክ ራሳቸው ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ ያሳተሙት የራሳቸው ምስል ያለበት ብር ጠገራዋን ከገበያ ሊያስወጣት አልቻለም። 

አሁን ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን እናቁም። አንዱ በ1910ዎቹ ጋምቤላ ላይ ቡና የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሌላው የዛሬ ሰብሳቢ ነው። ሁለቱም ሳንቲሟን ይገለብጣሉ፤ ሁለቱም እንቁ ይቆጥራሉ፤ የሁለቱም ዓይን እኩል ስል ነው። ፍርዳቸው ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው። ነጋዴው ከሌሎቹ የተለየችዋን ይጥላል፤ ሰብሳቢው የተለየችዋን ይዞ ሌሎቹን ይጥላል። ከሁለቱ አንዱ ሞኝ ነው ማለት አይቻልም። የሚጠይቁት ጥያቄ ስለሚለያይ ነው። ነጋዴው «ቀጥሎ የምሰጠው ሰው ይቀበለኛል ወይ?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ ጥሩዋ ሳንቲም ምንም ታሪክ የሌላት፣ ከእህቶቿ የማትለይ ናት። ሰብሳቢው ደግሞ «ይህችን ምን አገኛት?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ ታሪክ የሌላት ሳንቲም ዝም ያለች ምስክር ናት። ገንዘብ ገንዘብ የሚሆነው ታሪኩን ስንረሳለት ነው፤ አንዷን ሳንቲም ከሌላዋ ሳንለይ ስንለዋወጥ ነው። ስህተት ግን ሳንቲሟን ከመንጋው ለይቶ ያወጣታል። ከዚያ ወዲያ እርሷ ገንዘብ መሆኗን ትታ ራሷን ትሆናለች። ዋጋዋ የሚመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ አክሱም ብንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አክሱም ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የወርቅና የብር፣ ኋላም የነሐስ ሳንቲም አሳትማለች። ቀድመው የወጡት የወርቅ ሳንቲሞች ላይ ያለው የግሪክ ጽሑፍ ይነበባል። እየቆየ ሲሄድ ግን ፊደሉ ይዛባል፤ አንዱ ይገለበጣል፣ ሌላው ይዘለላል፤ በኋለኞቹ ላይ የፊደል መልክ ያለው ጭረት ብቻ ይቀራል። ቀራጩ ቋንቋውን ሳያውቅ የቀደመውን ቅርጽ እያየ የገለበጠ ይመስላል። ይህ ስህተት ነው? በግሪክ ሰዋስው ዳኝነት አዎ። ግን ሳንቲሙን የሠራው ግሪክ ካላወቀ፣ የተቀበለውም ካላነበበ፣ ማን ማንን አሳሳተ? ፊደሉ በዚያ ዘመን የሚያገለግለው ለንባብ ሳይሆን «ይህ የንጉሥ ሳንቲም ነው» ለማለት ከነበረ፣ ሥራውን ሠርቷል። ስህተት ግብ ብቻ አይበቃውም፤ ዳኛም ይፈልጋል። ዳኛው ከሺህ ዓመት በኋላ ከመጣ፣ ተሳሳተ ያለው የሌላውን ሰው ግብ በራሱ ግብ ለክቶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ በቅርብ ዘመን ሳንቲሞች ላይም ይሠራል። በ1969 ዓ.ም. የወጡት የደርግ ሳንቲሞች ላይ ያለው የአንበሳ ራስ በሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአገጩ ጢም ረዘም ያለበትና እኩል የሆነበት አለ። ማተሚያዎቹ ከአንድ በላይ ስለሆኑ ልዩነት ገባ። ይህን «ብርቅ ስህተት» ብሎ ሊሸጥልህ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። አይደለም። ሁለቱም ማተሚያዎች የታዘዙትን አድርገዋል። ልዩነት ሁሉ ስህተት አይደለም፤ ይህን መለየት ያቃተው ሰብሳቢ ገንዘቡን ቶሎ ይጨርሳል።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ አለ፤ ችላ ልለው አልፈልግም። ስህተቱ ዋጋ ካለው ሰው ስህተቱን መሥራት ይጀምራል። ሁለት ሳንቲሞችን አጋጥሞ በሞርሳ በመጭመቅ የተገለበጠ ምስል ያለበት ሳንቲም ማውጣት ይቻላል። ጠርዝ በመጋዝ ይነከሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ማተሚያ ቤት ውስጥ ያለ ሠራተኛ ሆን ብሎ በትክክለኛው ማሽን፣ በትክክለኛው ማተሚያ የተጣመመ ሳንቲም አትሞ በኪሱ ይዞ ቢወጣ ነው። ይህኛውን በመልክ ከእውነተኛው መለየት አይቻልም፤ ብረቱም ማሽኑም ቀኑም አንድ ነው። ሆኖም አንዱ ስህተት ነው፤ ሌላው ሥራ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለማሰብ። ታስቦ የተሠራ ስህተት በፍጹም ተሳክቷል፤ ስለተሳካም ስህተት መሆኑ ቀርቷል። እንግዲህ በዓለም ላይ ማንም ሊያዘው፣ ሊያሠራው፣ ሊገዛው አስቦ ሊያስመርተው የማይችል ነገር ቢኖር እውነተኛ ስህተት ነው። ገበያ የሚፈልገውን ሁሉ ያስመርታል፤ ይህንን ብቻ በፈለገው መጠን ያበላሸዋል።

ያሁኑ ገንዘባችንስ? መጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ወሰዱ ያለው 801.4 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ገንዘቡ እንዲመለስ ተጠየቀ፤ ብዙዎች መለሱ፤ ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ወጣ። በመጠን ቢለካ እስካሁን ከተነገሩት የሳንቲም ስህተቶች ይህን የሚያህል በአገራችን የለም። ነገር ግን ከዚያ ሌሊት በእጅ የሚያዝ ምን ቀረ? ምንም። የዲጂታል ገንዘብ ስህተት እቃ አይሆንም፤ ተቃራኒው ሂሳብ ሲጻፍበት ይጠፋል። ሳንቲም ግን ስህተቱን በአካሉ ተሸክሞ ይኖራል፤ ይቅር ቢባልም አይድንም። ከዚህ በኋላ የገንዘባችን አብዛኛው ክፍል ቁጥር ከሆነ፣ የተሳሳተ ሳንቲም የሚባለው ነገር ዘመኑ የተቆረጠ ነው። የዛሬ ሰብሳቢ የሚሰበስበው የማይደገም ዝርያ መጨረሻን ነው።

ታዲያ መቲ ላይ ያለ ሰው በዚህ ነገር ምን ይሁን? ሀብታም የሚያደርገው ነገር አለ ብዬ አላሞኘውም። አብዛኛው የኢትዮጵያ ሳንቲም፣ ቢሳሳትም እንኳ፣ የአሜሪካኖቹን ዓይነት ዋጋ አያወጣም፤ የሚያወዳድርበት ካታሎግም የሚጫረትበት ገበያም እዚህ የለም። «ይህን ሳንቲም ያለህ ሚሊየነር ነህ» እያለ በየስልኩ የሚላከው ወሬ አብዛኛው ማጥመጃ ነው። የስህተት ሳንቲም ዋጋው ታሪኩ ነው ብዬ ከተነሳሁ ግን ታሪኩን ማጥፋት ዋጋውን ማጥፋት ነው ማለቴ ነው። ስለዚህ አንባቢዬ፣ በቤትህ ቆርቆሮ ውስጥ መልኩ የሳተ ሳንቲም ብታገኝ በሎሚም በአመድም አትፈትገው፤ አታስቀልጠው። ከአንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄደህ አስመዝነው፤ ከጤነኛው ጋር አነጻጽረው፤ በማን እጅ እንደቆየና ከየት እንደመጣ ጠይቀህ በወረቀት ጻፍና አብረህ አስቀምጥ። ያገኘኸው የአክሱም ሳንቲም ከሆነ ደግሞ የአንተ አይደለም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያዝዝበታልና ለወረዳህ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቅ።